እምዬ «ወለላዬ» ማለት የጀመረች ጊዜ

አያቴ ዘሀራ ክፉ አይደለችም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ የሚቀጥለውን የሰማ ሁሉ ክፉ ናት ብሎ እንዳይነሳብኝ። ምላሷ ግን ሚጥሚጣ ነበር።

ደሴ ውስጥ ሰው ሁሉ ወለላዬ፣ ማሬ፣ ሆድዬ እየተባባለ ነው የሚኖር። የባጃጅ ሹፌር እንኳ ፒያሳ ቆሞ «ግቢ ወለላዬ» ይላል፤ ከዚያ አራተኛ ሰው ጭኖብሽ ወለላነትሽን ያደርቀዋል። እምዬ ግን (አያቴን እምዬ ነው የምላት) ይህን ነገር አትወድም ነበር። «ለሰው ስም የሚወጣለት ሊጠራበት ነው» ትላለች፤ «ማር የሚባለው ቀፎ ውስጥ ያለው ነው።»

ስም ማወቅ ሥራዋ ስለነበረ ይመስለኛል። እምዬ አዋላጅ ነበረች፤ በወረቀት ሳይሆን በእጇ። ከገራዶም ከኩታበርም በቅሎ ይዘው እየመጡ ይወስዷት ነበር። በሰፈራችን ከኔ በላይ ያለው ወጣት ሁሉ ዓለምን ሲቀላቀል መጀመሪያ ያየው የሷን ፊት ነው። ብዙዎቹ ድንጉጥ የሆኑት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። መንገድ ላይ ስታገኛቸው በስማቸው ጠርታ አወላለዳቸውን ታስከትላለች።

«አንተ አሚር! በእግርህ የመጣኸው! ጭንቅላትህ ዛሬም ወደኋላ እንደቀረ ነው?»

«የኔነሽ! እናትሽን ሁለት ቀን ያስማጥሽ! ዛሬም ለገዛ ስብሰባሽ አረፈድሽ?»

የኔነሽ የአንድ ለአምስት መሪያችን ናት። ስብሰባውን ሁሉ እሷ ትጠራለች፤ መጨረሻ የምትደርሰውም እሷ ናት።

ቀበሌው ራሱ መታወቂያ ሊያወጣ የመጣ ሰው ዕድሜው ሲጠፋበት «እማማ ዘሀራን ጠይቀህ ና» ብሎ ይልክ ነበር። እምዬም «አንተ ሰኞ ገበያ ላይ በረዶ የወረደ ለት ነህ፤ የጎረቤትህን ልጅ እንየውን በአንድ ሳምንት ትበልጠዋለህ» ብላ ትሸኘዋለች። በኋላ ጤና ኤክስቴንሽኖቹ እቤት መውለድ ቀርቷል ብለው ሰበሰቡና እምዬን አመስግነው፣ ጃንጥላ ሸልመው አሰናበቷት። ጃንጥላው እስካሁን ከነላስቲኩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በዝናብ እንኳ አትይዘውም።

እኔ ከሪማ ነኝ፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። እናቴ ጅዳ ናት፣ አባቴ ሙሄዲን ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነው፣ እኔ ደግሞ ከእምዬ ጋር ነው የምኖር። ትምህርት አምስተኛ ላይ አቁሜያለሁ። ስድስተኛ ልገባ ስል ከአስተማሪው ጋር አልተስማማንም፤ ጥፋቱ የማን እንደነበር አሁን አልጨቃጨቅም።

ነገሩ የጀመረው በሁለት ሺህ ስምንት፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። እምዬ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቀች ሳለ አሚር ጋሪውን እየገፋ መጣ። እኔ «በእግርህ የመጣኸው» እስክትለው ጠበቅሁ።

«ደህና ነህ ወለላዬ?» አለችው።

አሚር ቆመ። ሌላ ሰው መስሎት ወደኋላው ዞሮ አየ። ማንም የለም። ጋሪውን ትቶ መጥቶ ጉልበቷን ሳመ።

ከዚያ የኔነሽ «የኔ ማር» ተባለች። ከዚያ ባለሱቁ። እስከ ጥር ድረስ ሰፈሩ በሙሉ በማር ተነከረ። «እማማ ዘሀራ መካ ሳይሄዱ ሐጃ ሆኑ!» ይላል ሰው። «አላህ ልባቸውን አለሰለሰው።»

ከሁሉ የተደሰተው ግን አባባ ነው። ድሮ የሚመጣው በወር አንዴ ነበር፤ ስትቀበለውም «ሙሄዲን፣ ግሪስህን ደጅ አራግፈህ ግባ» ነው የምትለው፤ እሱም ሻይ ሳይበርድ ይመለሳል። በዚያ ዓመት አንድ ጁምዓ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ሲገባ ቀና ብላ አየችውና «መጣህ ወለላዬ?» አለችው። አባባ ፌስታሉን እንደያዘ በሩ ላይ ተገተረ። ጆሮው ሲቀላ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ጁምዓ አላመለጠውም፤ ሶላቱን ኮምቦልቻ ሰግዶ፣ ሚኒባስ ይዞ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ከተፍ ነው።

«ከሪማ» አለኝ አንዴ ጫማውን ሲያስር፤ «አርባ አራት ዓመቴ ነው። እናቴ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ታምሜ እንኳ አላለችኝም።»

እኔ ብቻ ነበርኩ ማሩ ያልደረሰኝ። ምላሳም ከሪማ እንደሆንኩ ቀረሁ።

«ለሰው ሁሉ ማር፣ ለኔ በርበሬ?» አልኳት።

«አንቺን ማር ያለ ንብ ይንደፈው!»

አንድ ቀን ሰልዋ መጣች። ሰልዋ የጎረቤታችን ልጅ ናት። መታወቂያ ልታወጣ ሄዳ እንደ ልማዱ ወደኛ ልከዋታል።

«እማማ ዘሀራ፣ የተወለድኩበትን ዓመት ይንገሩኝ።»

እምዬ ፈገግ ብላ ጉንጯን ያዘቻት። «ዓመት ምን ያደርግልሻል ወለላዬ? ልጅነትሽ ፊትሽ ላይ አይደለም?»

ሰልዋ እየሳቀች ሄደች። ባዶዋን እንደሄደች እንኳ አላወቀችም። እኔ ግን አወቅሁ። የሰልዋን አወላለድ እምዬ መቶ ጊዜ ነግራኛለች። እናቷ ከኮምቦልቻ ስትመጣ ሐረጎ ጠመዝማዛው ላይ ምጥ ያዛት፣ እምዬ እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ነበረች፣ ተሳፋሪውን በሙሉ አስወርዳ አዋለደቻት። ይህን እንዴት ትረሳለች?

ማታ ሻይ እየጣድኩ «እምዬ፣ ያቺ ሐረጎ ላይ የተቀበልሻት ልጅ» አልኳት።

ለወሬው ተነሳች! ሹፌሩ እንዴት እንዳለቀሰ፣ በማን ፎጣ እንደጠቀለለቻት፣ አንዱ ሽማግሌ መንገድ ላይ ቆመው እንዴት ዱዓ እንዳደረጉ፣ ሁሉን ዘረገፈችው።

«ስሟ ማን ነበር?»

 እጇን ገልብጣ አየችው፤ ስሟ እዚያ ላይ የተጻፈ ይመስል። ቆይታ «አንቺ ምላሳም፣ ሻይው ሲገነፍል አታይም?» አለችኝ። ሻይው ገና አልሞቀም።

ያኔ ገባኝ። ልቧ አልለሰለሰም። ስሙ ወጥቶ የሄደበትን ቀዳዳ ነው በማር የምትደፍነው። ሌላ አገር ቢሆን ሰው ወዲያው ይነቃ ነበር። ወሎ ላይ ግን ወለላዬ ያለሽን ሰው ስሜን ረስቶት ይሆን ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ?

ለማንም አልተናገርኩም። ለአባባማ እንዴት ብዬ? አርባ አራት ዓመት የጠበቀውን ቃል «የረሳችህ ለት የመጣ ነው» ልበለው? ይልቅ ሌላ ዘዴ አመጣሁ። ሰው ደጃችን ሲደርስ ቀድሜ እጮሃለሁ። «እምዬ! ልጅሽ ሙሄዲን መጣ!» «እምዬ! የኔነሽ መጣች፣ የስብሰባዋ!»

«ምነው፣ እንደ ደጃዝማች በአዋጅ ታስገቢኝ ጀመር?» አለኝ አሚር።

«ክብር አልወድም ካልክ በአጥሩ ዝለል» አልኩት።

እንዲህ እየሸፈንኩ ብዙ እቆይ ነበር፤ ሲስተር ጽናት ባትኖር። ሲስተር ጽናት ጤና ጣቢያ የእምዬን ደም ግፊት በየወሩ የምትከታተል ነርስ ናት፤ የኩታበር ልጅ፣ ቀጭን፣ ምንም ቢሏት የማትቆጣ። አንድ ቀን ለግፊቷ ይዣት ስሄድ የክኒኑን ብልቃጥ ገልብጣ ቆጠረችና ማለቅ የነበረበት ግማሹ ተርፎ አገኘችው።

«እማማ ዘሀራ፣ ዛሬ ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅዎት። ሲቆጡኝ ግን አልወድም።»

«ጠይቂኝ ወለላዬ።»

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ሰኞ ነዋ። ገበያተኛውን ረግጠሽ አይደል የመጣሽ?»

ሲስተር ጽናት ሳቀችና «ሦስት ነገር እነግርዎታለሁ፣ ይያዙልኝ፤ ኋላ እጠይቅዎታለሁ» አለች። «ሎሚ፣ ቁልፍ፣ ወንበር።» እምዬ ሦስቱንም ወዲያው ደገመች። ከዚያ ሲስተር አራት የክብሪት እንጨት በቅርጽ ደርድራ «እንደዚህ አድርገው ይሥሩልኝ» አለቻት፤ ሠራች። በአንድ ደቂቃ የእንስሳ ስም እንድትጠራ ጠየቀቻት።

«ላም፣ በሬ፣ በግ፣ በቅሎ።» ቆመች። «በቅሎ አልኩ?»

«ብለዋል።»

«ሌላ በቅሎ።»

ሳቅን። ቀጥሎ ሲስተር «እነዚያ ሦስቱ ነገሮች ምን ምን ነበሩ?» አለች።

እምዬ እጇን ያዘቻት። «ወለላዬ፣ ካንቺ አፍ ሲወጡ እንዴት ያምሩ ነበር! እስቲ አንዴ ድገሚልኝ።»

ሲስተር ጽናት ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እሷ አቆመች፤ እኔም አቆምኩ።

እምዬ ደጅ ፀሐይ ላይ ስትቀመጥ ሲስተር እኔን አስቀረችኝ። «ይህ ፈተና ብቻውን ይህ በሽታ ነው አይልም» አለች። «ደም ማነስም፣ ሐዘንም፣ ሌላም ሕመም ሰውን ያስረሳል፤ ደማቸው ይመረመራል፣ ሐኪምም ያያቸዋል። የመርሳት በሽታ የሚሉት አለ፤ አልዛይመር የሚባለው አንዱ ነው። እሱ ከሆነ ግን በጊዜ ማወቅ አለብን። በሁለት ሳምንት ልጃቸውን ይዘሽ ነይ፤ ድሮ እንዴት እንደነበሩ የሚነግረኝ እሱ ነው።»

«እሱ ከሆነ ይድናል?»

«አይድንም፤ ከሪማ። ግን በጊዜ ከታወቀ የሚፈልጉትን ራሳቸው ለመናገር ይደርሳሉ። ትልቅ ነገር ነው።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት «አይድንም» የሚለውንና «ፈተና» የሚለውን ነው። ፈተና ከሆነ ደግሞ እኔን ማን ያስተምረኛል! አምስተኛ ክፍል የደረስኩት በኩረጃ ነው። እምዬ ፈተናውን ካለፈች አባባ ምንም አይሰማም፣ ወለላነቱም ይቀጥላል ብዬ አሰብኩ።

ሁለት ሳምንት አስጠናኋት። እግሯን ሳሽ «ሎሚ፣ ቁልፍ፣ ወንበር»፤ ውኃ ሳቀብላት «ሎሚ፣ ቁልፍ፣ ወንበር»። መጀመሪያ አልይዝ አላት። ኋላ ራሷ ዜማ ሰጠችው፤ ምጥ የያዛትን ሴት ስታበረታ «አብሽሪ፣ አይዞሽ፣ ግፊ» በምትልበት ምት። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! ሌሊት ተነስታ እንኳ ትለው ጀመር።

አባባን ልጠራ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ጋራዡ ውስጥ ከመኪና ሥር እግሩ ብቻ ይታያል። ብሩ የሚባለው ጓደኛው አየኝና «ወለላው! ልጅህ መጣች!» ብሎ ጮኸ።

«ወለላው ማነው?» አልኩ።

«አባትሽ ነዋ! ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እናቴ ወለላዬ አለችኝ እያለ ሥራ አስፈታን እኮ። እኔን እናቴ አንተ ሾካካ ነው የምትለኝ፣ ቅናት ሊገድለኝ ነው።»

አባባ ፊቱ በዘይት ጠቁሮ፣ ጥርሱ ብቻ እየበራ ወጣ። በመንገድ ሁሉ ልነግረው አስቤ ነበር። ያንን ጥርስ ሳይ «ሲስተር ግፊቷን ልታይ ትፈልግሃለች» ብዬ ዋሸሁ።

በቀጠሮው ቀን ሦስታችን ገባን። ሲስተር ጽናት ሰላምታዋን ሰጥታ «እማማ ዘሀራ፣ እንደ ባለፈው ሦስት ነገር ይያዙልኝ» አለች። «ዛፍ፣ ማንኪያ፣ ዝናብ።»

 ጥያቄውን የሚቀይሩ አስተማሪዎችን እኔ ድሮም አልወድም።

እምዬ ደገመቻቸው። ክብሪቱ መጣ፣ እንስሳቱ መጡ፣ ስለ ደሟ ተወራ። ከዚያ ሲስተር «ሦስቱ ነገሮች?» አለች።

የእምዬ ፊት በራ። ወደኔ አየች፤ አየሽ አልረሳሁም በሚል ዓይን። እጇን ጉልበቷ ላይ እየመታች በዜማው «ሎሚ! ቁልፍ! ወንበር!» አለች።

አባባ ሊያጨበጭብ እጁን አነሳ። ግን የተባለውን እሱም ሰምቷል፤ እጁ አየር ላይ ቀረ።

«ከሪማ» አለች ሲስተር፤ «አስጠናሻቸው?»

«ትንሽ።»

«ግፊታቸውን ልለካ ስል ባንቺ ክንድ ላይ ባስር ምን ይጠቅማቸዋል?»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ መልስ አላጣም። ወደ አባባ ዞረች። «አቶ ሙሄዲን፣ እናትዎ በዚህ ዓመት የተለወጡት ነገር አለ? ስም ይረሳሉ?»

«ስም? ኧረ እሷ ስም አትረሳም! የተለወጠው ፍቅሯ ነው። እኔን እንኳ ወለላዬ ነው የምትለኝ።»

«ስምዎን የጠሩዎትስ መቼ ነው?»

«ስሜን…» አለ አባባ። ጣሪያውን አየ።

ሲስተር ወንበሯን ወደ እምዬ አስጠጋች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማማ ዘሀራ፣ ይህ አጠገብዎ የተቀመጠው ማነው?» አለቻት።

እምዬ አባባን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ስትጠብቀኝ ነው። ሰው ሲመጣ የምጮኸው እኔ አይደለሁ? ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፤ ከንፈሬን ባንቀሳቅስ ታነበው ነበር። ወላሂ በሕይወቴ ዝም ማለት ያን ያህል ከብዶኝ አያውቅም። የሻሼን ጫፍ አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስኩ።

እምዬ ዓይኗን ከኔ አነሳች። የአባባን እጅ ወስዳ ገለበጠችው። ግሪሱ ጥፍሩ ሥር አለ።

«ወለላዬ ነዋ» አለች።

ማንም አልሳቀም።

«ስማቸውስ?»

 ደጅ የሚያለቅስ ሕፃን ነበረ፤ እሱን እንኳ አልሰማችም። «ስሙ ሄደብኝ» አለች በመጨረሻ። «ሰውየው ግን የኔ ነው። በእሱ እንዳትፈትኑኝ።»

አባባ ተነስቶ ወጣ። ተከተልኩት። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መዳፉን ያያል፤ አሁን እናቱ የገለበጠችውን።

«ወለላዬ ስትለኝ፣ ስሜ ጠፍቷት ነው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ከሰልዋ ጊዜ ጀምሮ። ደስ ብሎህ ስለነበረ ነው ያልነገርኩህ።»

ይመታኛል ብዬ ራቅ ብዬ ነበር የቆምኩት። አልመታኝም። በግሪስ እጁ ዓይኑን ጠርጎ ፊቱን አበላሸው።

«ስሜን ስታውቀው ግሪስህን አራግፍ ነበር የምትለኝ» አለ። ሳቅ ቢጤ መጣበት። «ስሜ ቢሄድ ከሥሩ የተገኘው ይሄ ነው? ይሁን። እሱም የኔ ነው።»

ከዚያ በኋላ ሐኪም አያት፣ ደሟ ተመረመረ፣ ነገሩ ሲስተር የፈራችው ሆነ፤ ገና መጀመሪያው ላይ ነው አሉ። አባባ እቃዋን ሊጭን ተነሳ። «ኮምቦልቻ እወስድሻለሁ። ሙቀቱ ለጉልበትሽም ይሻላል።»

እምዬ ቁጭ አድርጋ አናገረችው። ሐኪሙ የነገራትን ሳትደብቅ ነው የተናገረችው። «ሳልረሳው ልንገርህ ወለላዬ። ከዚህ ቤት አታውጣኝ። እዚህ ጨለማ ቢሆን እጄ በሩን ያውቀዋል። ኮምቦልቻ የማውቀው በር የለም። ኋላ ውሰዱኝ ብዬ ባለቅስ እንኳ አትስማኝ፤ የምትሰማው የዛሬዋን ዘሀራ ነው።»

አባባ ቃል ገባ። ሲስተር ጽናት ትልቅ ነገር ነው ያለችው ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። እኔ በኩረጃዬ ይህን ልነፍጋት ነበር።

አሁን ክኒኗን የምሰጥ እኔ ነኝ። ለሰፈሩ ሰውም ነገርኩ፤ የኔነሽ ለዚህ ጉዳይ ስብሰባ ጠራች፣ በዚህኛው አላረፈደችም። ሰው ሁሉ ስሙን ራሱ ይዞ ይመጣል። አሚር ጋሪውን አቁሞ «እማማ ዘሀራ፣ አሚር ነኝ፣ በእግሬ የመጣሁት!» ይላል። ሰልዋ «የሐረጎዋ ሰልዋ ነኝ» ትላለች፤ እምዬም የሚኒባሱን ታሪክ እንደ አዲስ ትነግራታለች። አባባ ደግሞ ጁምዓ አጥሩ ጋ ሲደርስ «ሙሄዲን ነኝ!» ብሎ ይጮኻል።

«ስምህን ማን ጠየቀህ?» ትለዋለች እምዬ። «ግባ ወለላዬ።»

እኔን እስካሁን አልረሳችኝም። አንድ ቀን እንደምትረሳኝ ሲስተር ጽናት ነግራኛለች፤ በቁጣ አይደለም የነገረችኝ። ስለዚህ በየጠዋቱ እፈትናታለሁ። የኔ ፈተና ክብሪት የለውም። ዛሬ ገና የጠረገችው ግቢ ላይ የእጣቢ ውኃ ደፋሁ፤ አውቄ ነው።

እምዬ መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች። ውኃውን አየችው። እኔን አየችኝ። ቆየች፤ ከትናንቱ ትንሽ ይበልጥ ቆየች። ማር እንዳትለኝ ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ።

«አንቺ ምላሳም ከሪማ! እጅሽን ንብ ይንደፈው!»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«እጠርገዋለሁ አልኩ፣ እምዬ።»